ሯጮቹና ተቀማጮቹ

ጥቅምት 9

ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እህትዎ ቤት ተላመዱ ወይስ አሁንም ስለ ምንጣፉ እየተነታረካችሁ ነው? ጡረታ ወጥተው ከተማ ከቀየሩ ስምንት ወር ሞላ፤ እኔ ደግሞ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍኩልዎትም። ሥራ በዛብኝ እንዳልል፣ እዚሁ ላቦራቶሪ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጠገቤ ተቀምጠው ሥራ ሲበዛብኝ አይተውኛል፤ ይስቁብኛል። ዝም ብዬ ይቅርታ ልበልዎት። ስልክ አራት ጊዜ ደወልኩ። እህትዎ አንስተው «ስልክ ላይ የማወራው ሁሉ ውሸት ውሸት ይለኛል ብላ እምቢ አለች» አሉኝ። ይሁን፣ በደብዳቤ እናውራ።

የአንጎል መቁረጫ ማሽኑ እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተበላሽቷል። የጥገናው ባለሙያ «ድሮ ምን ነበር የምታደርጉለት?» ቢለኝ «ይሠሩበት የነበሩት ሴትዮ ይቆጡት ነበር» አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

ትልቁ ወሬ ይኸውልዎት። በእርጅና ዘመን አዲስ የአንጎል ሴል እንዴት እንደሚወለድ ብቻ የሚያጠና ተቋም ሊከፈት ነው፤ ኃላፊ ሊያደርጉኝ አስበዋል። ኮሚቴው የካቲት 20 ይሰበሰባል። ይህ ሁሉ የመጣው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሁለታችን ቆጥረን ባወጣናት ቁጥር ነው። ሽክርክሪት ላይ ሲሮጡ የከረሙ ያረጁ አይጦች አንጎል ውስጥ የሚወለደው አዲስ ሴል፣ ቁጭ ብለው ካረጁት ሁለት እጥፍ ተኩል ነው ብለን የጻፍናት። ያቺን ቁጥር ይዘው የአረጋውያን ሐኪሞች ሳይቀሩ ለሕመምተኞቻቸው መርሐ ግብር እያወጡ ነው።

አንዲት ትንሽ ጥያቄ ብቻ አለችኝ። «መነጽሯ» የምንላትን የዶክትሬት ተማሪዬን ያስታውሷታል? እርስዎ ሊሄዱ ሲሉ የመጣችው፣ የሁለት ልጆች እናት። ሙከራችንን ሦስት ጊዜ ደግማ ቁጥሩ እምቢ አላት። ግራ ቢገባት የአንጎል ቁርጥራጭ የለጠፍንባቸውን የድሮ የመስታወት ስላይዶቻችንን ከመሳቢያ አውጥታ ማየት ጀመረች። መቼም አንጎሉ ከመቆረጡ በፊት ግራና ቀኙ እንዳይምታታ በቀጭን መርፌ ይበሱት ነበር፤ በደንባችን ቀዳዳው ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ነው። እሷ እንደምትለው ግን አንዳንዱ ላይ በግራ፣ አንዳንዱ ላይ በቀኝ ሆኗል። ሲለጠፉ ተገልብጠው ይሆን? ትዝ የሚልዎት ነገር ካለ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ

&nbsp;

ጥቅምት 28

ልጄ፤

ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። እንኳን ጻፍሽልኝ። እህቴ በር ላይ ተቀብላ ፖስታው ላይ ያለውን ማኅተም ስታይ «መንግሥት ነው የጻፈልሽ፣ ምን አጥፍተሽ ነው?» ብላ ቀልቤን ገፈፈችው። ከፍቼ የአንቺን ጽሕፈት ሳይ ነው ነፍሴ የተመለሰችው። ጽሕፈትሽ አሁንም ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ፕሮፌሰርነትም አላስተካከለው።

ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይለግማል። ግራ ዓይኔን ሞራ ገፈፉልኝ፤ አሁን ከመስኮት ሆኜ ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ላይ የተሰጣ ልብስ ቁልፍ እቆጥራለሁ። እህቴ «ምን ትሠሪያለሽ?» ትለኛለች። እቆጥራለሁ እላታለሁ። ስለ ምንጣፉ እንኳ አታንሺብኝ፤ ጫማ ማውለቂያውን ከበሩ ውጭ አድርጋዋለች፣ ከዚህ ወዲያ ምን ቀራት?

ስለ ሹመትሽ ሰምቼ እልል አልኩ። የሚገባሽ ነው። እኔ ምስክር ነኝ፤ ያቺን ጠባብ ክፍል ቤትሽ አድርገሽ የኖርሽ ልጅ ነሽ። ለማንም ብነግር አያምነኝም እንጂ፣ ከዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ እጅሽን ይዤ ያስነሳሁሽ ቀን ስንት ነው?

ስለ መርፌዋ የጠየቅሽኝን እንጃ። አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው። ትናንት መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩ የማላውቅ ሴትዮ ነኝ። ተገልብጠው ይሆናል ያልሽው ሳይሆን አይቀርም፤ ቁርጥራጮቹ እንደሆኑ የሽንኩርት ልጣጭ ናቸው፣ በብሩሽ ስታነሻቸው ይዞራሉ። ይህቺ መነጽሯ ደግሞ ዓይኗ ጥሩ ነው መሰለኝ። ስላይዶቹ ግን እስካሁን አልተጣሉም እንዴ?

እህቴ ሰላም ብላሻለች። ኮሚቴው የካቲት ስንት ነበር ያልሽኝ?

&nbsp;

ኅዳር 20

ለእትዬ፤

እንኳን ዓይንዎ በራልዎት! እውነቴን ነው፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ብቻዬን ስስቅ መነጽሯ ገብታ አየችኝ። ኮሚቴው የካቲት 20 ነው። ስላይዶቹም አልተጣሉም፤ አርባ ስምንቱም አሉ፣ ሃያ አራት የሯጮች፣ ሃያ አራት የተቀማጮች።

መነጽሯ አንድ በአንድ አየቻቸው። ቀዳዳው በግራ የሆነው ሁሉ ሯጭ ነው፤ በቀኝ የሆነው ሁሉ ተቀማጭ። አርባ ስምንቱም። አንዲት እንኳ አልሳተችም። ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ተሰልፎ አይገለበጥም። ስለዚህ ሰው ነው ያደረገው ማለት ነው፤ ይበሱ የነበሩት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት።

እትዬ፣ እየወቀስኩዎት አይደለም። ግን ነገሩን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። በስላይዱ መለያ ላይ ፕላስተር የምንለጥፈው ለምን ነበር? የምንቆጥረው የማንን አንጎል እንደሆነ እንዳናውቅ ነው። መቼም በማቅለሚያው አዲስ ሴል ሆና የምትታየንን ቡናማ ነጥብ «ሴል ነሽ ወይስ ቆሻሻ?» ብለው አይጠይቋትም፤ የሚያምታቱ አሉ። ሯጭ መሆኑን ካወቁ እጅዎ ሳያስበው ያቺን የምታምታታዋን ይቆጥራታል፤ ተቀማጭ ከሆነ ያልፋታል። ፕላስተሩን ለጥፈን ቀዳዳውን ክፍት ከተውነው፣ በሩን ቆልፈን መስኮቱን ከፍተን ተኛን ማለት ነው።

እኔ ራሴ አይቼው ይሆን? አላየሁም ብዬ መማል አልችልም። ለኮሚቴው ሰብሳቢ በጨረፍታ ባነሳለት «ከስብሰባው በኋላ ብታዪው ምን ይጎድላል?» አለኝ። ተቋሙም፣ ስሜም፣ የሐኪሞቹም መርሐ ግብር በዚያች ቁጥር ላይ የቆመ ነው። ቁጥሯ ውሸት ከሆነች የምሾመው በውሸት ነው፤ ሽማግሌዎቹም የሚሮጡት በውሸት ነው። እባክዎን፣ የሆነውን ይንገሩኝ።

አክባሪዎ

&nbsp;

ታኅሣሥ 6

ልጄ፤

ሦስት ገጽ ጽፌ ቀድጄዋለሁ፤ ይህ አራተኛው ነው።

አዎ፣ እኔ ነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አንጎሎች የቆረጥኩ ቀን ሳህኖቹን ወደ ማቅለሚያው ሳዞር ክርኔ ነካቸውና ሁለቱ ተደፉብኝ። የሯጭና የተቀማጭ ቁርጥራጭ ጠረጴዛው ላይ ተቀላቀለ። የትኛው የማን እንደሆነ ማን ይንገረኝ? ሁለቱንም ጣልኳቸው። ለአንቺ «ቀለሙ አልያዘም» አልኩሽ። አምነሽኝ ሌላ ሁለት አይጥ ሰጠሽኝ። ከዚያ ወዲያ እንዳይደገምብኝ ብዬ ሯጮቹን በግራ፣ ተቀማጮቹን በቀኝ መብሳት ጀመርኩ። ነገሩ ይኸው ነው።

ልንገርሽ ብዬ ስንት ቀን በርሽ ላይ ቆሜአለሁ። ግን አንቺ ስትቆጪ አትጮኺም፤ ዝም ነው የምትይው። እሱን ፈራሁ።

አሁን ግን እንደ ሌባ እጅ ከፍንጅ የተያዝኩ ነው የመሰለኝ። ቅር ብሎኛል፣ አልዋሽሽም።

&nbsp;

ታኅሣሥ 19

ለእትዬ፤

ቅር ካሰኘሁዎት አፈር ስሆን ይማሩኝ። የሌባ ነገር ከየት መጣ? የተደፋ ሳህን እኮ ነው። እኔ ስንት ሳህን ደፍቻለሁ!

ደብዳቤዎን ካነበብኩ ወዲህ ሲከብደኝ የነበረው ነገር ቀለል ብሎኛል። ለምን ብለው አይጠይቁኝም? የድሮ ሰንጠረዦቻችንን አወጣሁ። ሁለታችንም ለየብቻ ነበር የቆጠርነው፤ የእኔና የእርስዎ ቁጥር ግን እጅና ጓንት ነው፣ በአንድ ስላይድ ከሁለት ሴል በላይ አንለያይም። እኔ ቁጥሩ ከፍ እንዲል እፈልግ ነበር፣ አልክድም፤ ያኔ የሥራ ውሌ ሊያልቅ አራት ወር ነበር የቀረው። ዓይኔ አጭበርብሮኝ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ግን ሯጮቹ ቢበልጡ ባይበልጡ ምን ገዶዎት? ደመወዝዎ ያው ነው። ቀዳዳውን ቢያውቁትም እንኳ ለማዳላት ምክንያት አልነበረዎትም። ስለዚህ የእርስዎ ቆጠራ ነው የሚያድነኝ።

ለኮሚቴው እንዲህ ብዬ ልጽፍ ነው። በምልክት አደራረጉ ላይ ጉድለት ነበር፤ ነገር ግን ከውጤቱ ምንም ጥቅም የሌላቸው ሁለተኛዋ ቆጣሪ ለብቻቸው ቆጥረው ያው ቁጥር አግኝተዋል። ሐቀኛም ነው፣ አጭርም ነው። መነጽሯ «እንደገና እናስቆጥረው» ትለኛለች፤ እኔ ግን የእርስዎን ዓይን ከማንም ዓይን አስበልጬ አምናለሁ። በዚህ ይስማማሉ? አዎ ካሉኝ በሚቀጥለው ወር እልከዋለሁ።

እህትዎን ሰላም ይበሉልኝ። ጫማ ማውለቂያው ወደ ቤት ተመለሰ?

አክባሪዎ

&nbsp;

ጥር 8

ልጄ፤

አትላኪው። ኧረ በሞቴ እንዳትልኪው።

ምን ገዶዎት ትይኛለሽ? አንቺ ነበርሽ እኮ የገደድሽኝ። ልጅ የለኝም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከማንም በላይ ያየሁት ያንቺን ፊት ነው። ውልሽ ሊያልቅ መሆኑን የማላውቅ መሰለሽ? መጽሐፎችሽን በካርቶን መክተት ጀምረሽ ነበር። ካርቶኖቹን ከመጋዘን ያመጣሁልሽ እኔ ነኝ።

ያን ቀን ቆጠራዬን ጨርሼ ደብተሬን ይዤ ልነሳ ስል በሩን ከፍተሽ ገባሽ። እየሳቅሽ ነበር። የአንቺን ቆጠራ ከመለያዎቹ ጋር አገናኝተሽ ውጤቱን አውጥተሽ ነበር። «እትዬ፣ ሁለት እጥፍ ተኩል! ሁለት እጥፍ ተኩል!» ብለሽ አንገቴ ላይ ተጠመጠምሽ። ልብሽ ሲመታ ደረቴ ላይ ተሰማኝ። የኔ ቁጥር ያንቺን አጠገቡም አይደርስም ነበር። «ገና ትንሽ ይቀረኛል» አልኩሽ።

ከዚያ እንደገና ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። በግራ የተበሳ ሲመጣ የሚያምታታውን ሁሉ ቆጠርኩለት፤ በቀኝ የተበሳውን ደግሞ እንዳለ ተውኩት። አሁንም አልደረሰልሽም። በሦስተኛው ጠረጴዛሽ ላይ የነበረውን ሰንጠረዥሽን አጠገቤ አድርጌ ነው ቁጥሬን ካንቺ ቁጥር ጋር ያጋጠምኩት። እጅና ጓንት ያልሽው በሦስት ቀን የተሰፋ ጓንት ነው። ንጹሑን ገልብጬ ሰጠሁሽ፤ አንቺም በምስጋናው ላይ ስሜን አስገባሽ። ያን ገጽ አንዴ አይቼ ዘጋሁት፣ ሁለተኛ ገልጬው አላውቅም። ሹመትሽን ስሰማ ደስ ያለኝ እውነት ነው። ወዲያው ደግሞ ያቺ ቁጥር ትዝ አለችኝ፤ እሱም እውነት ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልሞት ነበር፤ አንቺ በኔ ዓይን ልትምዪ ስትነሺ አቃተኝ።

የመጀመሪያውን ቆጠራ የጻፍኩበትን ትንሽ ደብተር አልጣልኩትም። አብሬ ልኬዋለሁ፤ ዙሪያውን በላቦራቶሪው ፕላስተር አሽጌዋለሁ። እንዳትከፍቺው። መጀመሪያ ቀዳዳዎቹን በቀለም ድፈኑና እኔንም አንቺንም የማያውቅ ሰው ይቁጠር። እሱ ጨርሶ ሲያስረክብ ክፈቺው። ከዚያ በፊት ብታዪው ያው በሽታ ነው የሚይዝሽ።

ካስቀየምኩሽ አትጻፊልኝ። ይገባኛል።

&nbsp;

የካቲት 27

ለእትዬ፤

መልስ ሳልሰጥ በመቆየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መልስ ሲጠፋብዎት የጻፉልኝ ሁለተኛው ደብዳቤዎም ደርሶኛል። አይደለም፣ አልተቀየምኩም። ደብዳቤዎን ያነበብኩ ቀን ግን ተናድጄ ነበር፤ በእርስዎ ይሁን በራሴ ሳላውቅ። ኮቴን ለብሼ ወጣሁና መንገዱን ዳር እስከ ዳር ሄጄ ተመለስኩ። ስመለስ አልቅሼም ነበር። አሁን ደህና ነኝ።

ለኮሚቴው ነገርሽ ወይ ላሉኝ፣ አዎ። ከስብሰባው አሥር ቀን ቀድሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰብሳቢው «ትንሽ ብትታገሺ ኖሮ» አለኝ። ተቋሙን ለሌላ ሰው ሰጡት፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ሥራውን አውቀዋለሁ። እኔ ሁለቱ ክፍሎቼና አራት ባልደረቦቼ ቀርተውኛል። ለሐኪሞቹም ቁጥሩን እስካጣራ አትጠቀሙበት ብዬ ጽፌአለሁ። ሰዎች ኮሪደር ላይ ሲያዩኝ ሰላምታቸው ለስለስ ብሏል፤ ሐዘን የደረሰበት ሰው ቤት እንደሚገባ ሰው። እሱ ነው ትንሽ የሚያስቸግረኝ።

ቆጠራው ተጀምሯል። መነጽሯ ቀዳዳዎቹን ደፍና፣ ባልተበሳው ወገንም ተመሳሳይ የቀለም ነጥብ አድርጋ ለሌላ ሕንፃ ሰዎች ሰጠች። እኔ ማን እንደሆኑ እንኳ አላውቅም። ደብተርዎ በመሳቢያዬ ነው፤ እንደታሸገ።

ለመጽሔቱ የምልከውን ማስተካከያ ረቂቅ አብሬ ልኬልዎታለሁ። «በናሙና ዝግጅት ወቅት በተፈጠረ ስህተት» ብዬ ነው የጻፍኩት። ከዚህ በላይ ማንም አይጠይቅም፤ የእርስዎ ነገርም አይነሳም። እባክዎን በዚህ ይስማሙልኝ።

አክባሪዎ

&nbsp;

መጋቢት 12

ልጄ፤

እንኳን ቀረ ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። ተቋሙ አንጀቴን በላው። እህቴ ፊቴን አይታ «ማን ሞተብሽ?» አለችኝና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። አዳምጣ አዳምጣ «ይሄ ሁሉ ስለ አይጥ ነው?» አለች። ወይ ጉድ! ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ነገር ሳቅሁ።

ረቂቅሽን አነበብኩት። «በተፈጠረ ስህተት» የሚለውን አውጪው። ማን ፈጠረው? ከሰማይ ወረደ? የተደፋው ሳህን ስህተት ነው፤ ይሁን። ቀዳዳውንም ስህተት በይው። ሦስት ጊዜ መቁጠሬ ግን ስህተት አይደለም፣ አውቄ ነው ያደረግኩት። ሁለተኛዋ ቆጣሪ የመጀመሪያዋን ውጤት ካወቁ በኋላ ቁጥራቸውን ቀየሩ ብለሽ ጻፊ። ሌላ ላቦራቶሪ ውስጥ የተቀመጠች እንደኔ ያለች አንዲት ሴትዮ ብታነበው ይጠቅማታል። ገመናዬን ሸፍነሽ ልታሳድሪኝ ያሰብሽውን አውቄልሻለሁ፤ ክፉ አይንካሽ። ግን አልፈልገውም። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ማን ምን ያደርገኛል? በሌላ ወረቀት በእጄ ጽፌ ፈርሜ ልኬልሻለሁ።

ደብተሬን ከፈትሽው? ነገሩን እየሸሸሽ አትጻፊልኝ። ዜሮ ከሆነም ዜሮ ነው በይኝ።

&nbsp;

ሚያዝያ 3

እትዬ፤

ቆጠራው ትናንት አለቀ። ሁለቱ ሰዎች አስረከቡን፣ መነጽሯ የመለያዎቹን ዝርዝር ከፈተች፣ እኔ ቁጥሮቹን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ነው የደብተርዎን ፕላስተር በመቀስ የቆረጥኩት። መነጽሯ ተቀብላ አነበበችልኝ።

ዜሮ አይደለም። በአንድ ስላይድ በአማካይ፣ ተቀማጮቹ እነሱ ጋ አሥራ አራት፣ እርስዎ ጋ አሥራ አራት። ሯጮቹ እነሱ ጋ አሥራ ዘጠኝ፣ እርስዎም ጋ አሥራ ዘጠኝ። እኔ ለዓለም የነገርኩት ሠላሳ አምስት ነበር። በግራ የተበሳው ሴሉ እንደሚበዛ ዓይኔ ለእኔ ሳይነግረኝ ተምሮት ኖሯል። ከአርባ ስምንቱ ስላይድ እርስዎና እነሱ ከሁለት ሴል በላይ የተለያያችሁት በሦስቱ ብቻ ነው። መነጽሯ አንብባ ስትጨርስ ደብተሩን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «እኚህን ሴትዮ በደንብ ሳላውቃቸው ሄዱብኝ» አለች።

ስለዚህ አዲስ ሴል በእርጅናም ይወለዳል፤ መሮጥም ይጨምረዋል፣ በጥቂቱ። ለሐኪሞቹ ይህንኑ ነግሬአቸዋለሁ። ሽማግሌዎቹን ማንቀሳቀሳቸውን አይተዉም፤ የሚሰጡትን ተስፋ ግን ይቀንሳሉ። መነጽሯ ሦስት ጊዜ ደግማ ያጣችው ነገር ጠፍቶባት አልነበረም፤ ትክክለኛውን ቁጥር ሦስት ጊዜ አግኝታ እኔ አላምናት ብዬ ነው። ይቅርታ ጠይቄአታለሁ።

ማስተካከያውን እንዳሉት ጻፍኩት፤ የፈረሙበትን ወረቀትም አያይዤዋለሁ። አንድ መስመር ግን ጨምሬበታለሁ። የመጀመሪያዋ ቆጣሪ፣ ሁለተኛዋ ሳያስረክቡ የራሷን ውጤት ከመለያዎቹ ጋር አገናኝታ አወጣች፤ ለሁለተኛዋም ነገረች ይላል። ደንቡን መጀመሪያ የጣስኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ሁለት ሙሉ ደብዳቤ ጽፈው ይህችን አልነኩብኝም። የታረመው ጽሑፍ ላይ ስምዎ ከእኔ ስም ቀጥሎ በደራሲነት ገብቷል። አይሆንም እንዳይሉኝ፤ ቁጥሩ የእርስዎ ነው።

ትናንት ሁሉም ከሄዱ በኋላ ደብተርዎን ይዤ ክፍልዎ ገብቼ ተቀመጥኩ። እትዬ፣ ያን ቀን ደብተርዎን እስኪያስረክቡኝ እዚያ በር ላይ አሥር ደቂቃ ብቆም ኖሮ፣ ሁለታችንም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልክ ሆነን እንኖር ነበር።

ልጅዎ